ሶመርሴትን ለማየት ውሃውን ተከተሉ

ብሪስቶል መኖር ከጀመርኩ 14 ዓመት አለፈኝ። ማታ ማታ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት እሠራለሁ፤ የዕረፍት ቀኔን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ በማዞር ነው የምጨርሰው። እንግዶቼ ከአዲስ አበባ ይምጡ ከለንደን ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጃንሆይ በስደት የኖሩበትን ቤት አሳዪን።» አሳያለሁ። ግን አጥሩ ሥር ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ በቀጣዩ ባቡር መመለስ፣ ሠርግ ተጠርቶ ከበር ሰላም ብሎ እንደ መውጣት ነው። ቤቱ ያለው ባዝ በምትባል ከተማ ነው፤ ባዝ ያለችበት የእንግሊዝ አውራጃ ሶመርሴት ይባላል። ሦስት ቀን ብትሰጡት ጃንሆይ ለምን ለንደንን ትተው እዚህ እንደ ሰነበቱም ይገባችኋል።

ብዙ ጊዜ ተሳስቼ የደረስኩበት ዘዴ ውሃውን መከተል ነው። ሶመርሴት ሰሜን በኩል ሜንዲፕ የሚባሉ የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች አሉ። እዚያ ላይ የዘነበው ዝናብ መሬት ውስጥ ይሰርግና ባዝ ላይ ፍል ውሃ፣ ዌልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ቀዝቃዛ ምንጭ ሆኖ ይወጣል፤ ቼዳር ላይ ደግሞ ዋሻ ፈልፍሏል። ሮማውያኑም፣ ጳጳሳቱም፣ መነኮሳቱም ውሃ ባለበት ሰፈሩ። ጃንሆይም በ1936 ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባዝ የመጡት ፍል ውሃውን ብለው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

የምነግራችሁ መንገድ እናቴ ሊጠይቁኝ የመጡ ጊዜ የሄድንበት ነው። እማዬ ፍል ውሃ ሰፈር ነው ያደጉት፤ ስለዚህ በውሃ ጉዳይ አስተያየት አያጡም።

ከመነሣታችሁ በፊት

ከለንደን የምትመጡ ከፓዲንግተን ጣቢያ ባቡር ያዙ፤ ባዝ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከብሪስቶል ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ግዙ፤ በዕለቱ ጣቢያ ላይ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ሲሰማ መንገዱ ከመጀመሩ በፊት ይደክመዋል።

ዌልስና ግላስተንበሪ ባቡር የላቸውም። ነበራቸው፤ በ1960ዎቹ መስመሩ ተዘጋ። ከብሪስቶል የሚነሣው 376 ቁጥር አውቶቡስ ሁለቱንም ያደርሳል። ከአውቶቡስ እንደ ወረዳችሁ፣ ከተማውን ቀና ብላችሁ ከማየታችሁ በፊት፣ ፌርማታው ላይ የተለጠፈውን የመመለሻ ሰዓት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። እኔ አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር የመጡ ሁለት እንግዶች ይዤ «ኧረ ገና ነው» ስል የመጨረሻው አውቶቡስ አመለጠን። እስከ ብሪስቶል የተሳፈርንበት ታክሲ የሁለት ሌሊት ደመወዜን በላው።

ለባዝ የክት ጫማ ያስኬዳል፤ ለግላስተንበሪ አይሆንም። ጃንጥላ ኮረብታው ላይ ይገለበጣልና ኮፍያ ያለው ጃኬት ያዙ። ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክም ያዙ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ታዩታላችሁ። ጾም ከሆነ ደግሞ ምግብ ቤት ገብታችሁ «ቬጀቴሪያን» እንዳትሉ፤ አይብና እንቁላል ይመጣባችኋል። «ቪጋን» በሉ። የእኛ ጾም በእነሱ ቋንቋ እሱ ነው።

አንደኛ ቀን፦ ባዝ

ጠዋት መጀመሪያ የሮማውያን መታጠቢያው ጋ ሂዱ። ቲኬቱ ሰዓት ተለይቶ ስለሚሸጥ የጠዋቱን መጀመሪያ ያዙ፤ ያኔ እንፋሎቱ ከውሃው ላይ ሲነሣ ታያላችሁ፣ የተማሪ ሰልፍም ገና አልደረሰም። ምንጩ በቀን 1,170,000 ሊትር ገደማ ውሃ ያፈልቃል፤ ሙቀቱ 46 ዲግሪ ነው። ሮማውያን ሳይመጡ በፊት የአካባቢው ሰው ሱሊስ የምትባል አምላክ አለችበት ብሎ ያመልክ ነበር። ሮማውያኑ ሲደርሱ ሱሊስን አላባረሯትም፤ ከራሳቸው አምላክ ከሚነርቫ ጋር አዋሕደው በአንደኛው መቶ ዘመን ቤተ መቅደስ ሠሩላት፣ ከተማዋንም የሱሊስ ውሃ አሏት።

አሁን ብዙ ጎብኚ ወደሚሳሳትበት ልምጣ። ትልቁ ገንዳ ዙሪያ ያሉትን ዓምዶችና ከላይ የቆሙትን ሐውልቶች እያዩ «ወይ ሮማውያን!» ይላሉ። ዓይናችሁን ዝቅ አድርጉ። የሮማውያኑ ሥራ እስከ ዓምዶቹ እግር ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በ19ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው። እውነተኛውን ለማየት ወለሉን ተመልከቱ፦ በእግር ብዛት የተበላውን ንጣፍ፣ የገንዳውን ወለል የሸፈነውን እርሳስ፣ የተረፈው ውሃ ወደ ወንዙ የሚወርድበትን ቦይ። ቦዩ ጋ ድንጋዩ በውሃው ማዕድን ብርቱካንማ ሆኗል። እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው እሱን ነው፤ ሰው ግን ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ሙዚየሙ ውስጥ የነሐስ የሚነርቫ ራስ አለ፤ በወርቅ የተለበጠ፣ በ1727 የውሃ መውረጃ ሲቆፈር የተገኘ። እሱን ሁሉም ያያል። እናንተ ግን የእርሳስ ቁርጥራጮቹ ጋ ቆሙ። ዕቃ የተሰረቀበት ሰው በቀጭን እርሳስ ላይ እርግማኑን ይጽፍና ጠቅልሎ ምንጩ ውስጥ ይጥለዋል፤ አምላኳ አንብባ ሌባውን እንድትቀጣለት። ወደ 130 ተገኝተዋል። ዶኪሜዲስ የሚባል ሰው ሁለት የእጅ ጓንት ጠፍቶበት፣ ሌባው አእምሮውንም ዓይኑንም እንዲያጣ ይለምናል። ለጓንት! እኔ ለእማዬ ስተረጉም ዝም ብለው ሰሙኝና «ሌባሻይ ቢኖራቸው እኮ ይሄ ሁሉ ጽሕፈት አያስፈልግም ነበር» አሉ።

ገንዳው ውስጥ እጅ መክተት ክልክል ነው፤ አረንጓዴ ያደረገውም አልጌ ነው እንጂ ጠበልነቱ አይደለም። የሚጠጣውን መውጫው አጠገብ ይቀዱላችኋል፤ ተጣርቶ ለብ ብሎ ነው የሚመጣው። እማዬ በስመ አብ ብለው ተጎነጩና «እንቁላል የተቀቀለበት ውሃ» ብለው መለሱት። መጥለቅ የፈለገ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ በ2006 የተከፈተ ዘመናዊ መታጠቢያ አለ፤ ጣሪያው ላይ ገንዳ አለው። ውድ ነው፤ ግን በብርድ ቀን ጢስ በሚመስል እንፋሎት ውስጥ ሆኖ ከተማውን ማየት እንደ ፍል ውሃ ቤት አይደለም አልልም።

ከመታጠቢያው ስትወጡ ፊት ለፊት ገዳሙ አለ፤ «አቢ» ይሉታል እንጂ ዛሬ መነኩሴ የለበትም። ወደ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ምዕራባዊው በር ፊት አሥር ደቂቃ ቁሙ። በግራና በቀኝ ረጃጅም የድንጋይ መሰላሎች አሉ፤ መላእክት ይወጡባቸዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ቁልቁል፣ በራሳቸው ይወርዳሉ። ኦሊቨር ኪንግ የሚባል ጳጳስ እንደ ያዕቆብ በሕልሙ አይቶ በ1499 አሠራው ይባላል። ጎን ላይ ዘውድ የደፋ የወይራ ዛፍ ፈልጉ። በእንግሊዝኛ ወይራ ኦሊቭ፣ ንጉሥ ኪንግ ነው፤ ጳጳሱ ስሙን በድንጋይ ሰምና ወርቅ አድርጎ አስቀርቶታል። እዚህ ቦታ ላይ፣ ከዛሬው ሕንፃ በፊት በነበረው ቤተ ክርስቲያን፣ በ973 ንጉሥ ኤድጋር ቅብዓ ንግሥ ተቀብቷል። የእንግሊዝ ነገሥታት እስከ ዛሬ የሚነግሡበት ሥርዓት መሠረቱ የዚያን ቀን የተደረገው ነው።

ከምሳ በኋላ ወደ ላይ ውጡ። ሰርከስ የሚባለውን ክብ አደባባይ ጆን ዉድ የሚባል የሕንፃ ነዳፊ፣ አባትየው፣ ነደፈው፤ ሮያል ክሬሰንት የሚባለውን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ልጁ ከ1767 እስከ 1774 ሠራው፤ 30 ቤቶች አሉት። ድንጋዩ ሁሉ የዚያው አካባቢ፣ ማር የሚመስል ነው። ፊት ለፊቱን አይታችሁ ስትጨርሱ ዞራችሁ ጓሮውን እዩት። ከፊት አንድ ቤተ መንግሥት የሚመስለው፣ ከኋላ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ፣ አንዱ ወጣ ሌላው ገባ ያለ ነው። ምክንያቱም ገዢዎቹ የፊቱን ግድግዳ ብቻ በልክ ገዝተው ኋላውን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ግንበኛ አሠሩት። ሰፈራችንን አስታወሰኝ። ቤቶቹን በየወቅቱ ይከራዩ ከነበሩት ሀብታሞች የብዙዎቹ ገንዘብ ከካሪቢያን የስኳር እርሻና ከባርነት የመጣ መሆኑንም ሳታውቁ አትውጡ።

ሁለተኛ ቀን፦ ዌልስ

ዌልስ ሲባል ሀገሩ አይደለም። በአማርኛ ስንጽፈው አንድ ዓይነት ስለሚሆን አንድ የዘመዴ ልጅ ካርዲፍ ድረስ ሄዶ ደውሎልኛል። ይሄ ዌልስ ጉድጓዶች፣ ምንጮች ማለት ነው። ለንደን እምብርት ላይ ያለችውን «ሲቲ» የምትባል ሰፈር ትተን በእንግሊዝ ትንሿ «ከተማ» የሚባል ማዕረግ ያላት ይቺ ናት፤ ካቴድራል ስላላት ነው ማዕረጉ። ምንጮቹ በጳጳሱ ግቢ አትክልት ውስጥ ይፈልቃሉ። ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጳጳሱ ለሕዝቡ ስለፈቀደ ውሃው ዛሬም በዋናው ጎዳና ዳር በቦይ ኩልል ብሎ ይወርዳል። ልጆች ካላችሁ ወረቀት አጣጥፋችሁ ጀልባ ስጧቸው፤ አርፈው ይከተላሉ። ረቡዕና ቅዳሜ አደባባዩ ላይ ገበያ አለ።

ካቴድራሉ ከ1175 ገደማ ጀምሮ የተሠራ ነው። ፊቱ ላይ ወደ 300 የሚጠጋ የመካከለኛው ዘመን ሐውልት ቆሟል፤ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ነገሥታት። ውስጥ ስትገቡ ዓይናችሁ የሚያርፈው መሃል ላይ ያለው እንደ መቀስ የተጠላለፈ ግዙፍ ቅስት ላይ ነው። ዘመን አመጣሽ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ማማውን ጨምረው ሲያስረዝሙት መሠረቱ ክብደቱን አልቻለምና መስመጥና መሰንጠቅ ጀመረ። ዊልያም ጆይ የሚባለው የግንበኞች አለቃ ከ1338 እስከ 1348 ባለው ጊዜ ቅስቱን ገልብጦ በቅስት ላይ ጫነው፤ ማማው እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም። ለውበት ብሎ አልነበረም፤ እንዳይወድቅ ብሎ የደገፈው ነው።

ከዚያ በስተ ግራ፣ ሰሜኑ ክንፍ ላይ፣ ሰዓቱ አለ። ሩብ ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቦታ ያዙ። ሰዓቱ ከ1390 ገደማ የቆየ ነው፤ የመጀመሪያው የውስጥ ዕቃው ለንደን ባለው የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል፣ የፊቱ ገጽ ግን እዚሁ ነው። በየሩብ ሰዓቱ ከላይ ትንንሽ ፈረሰኞች እየዞሩ ይዋጋሉ፤ አንደኛው ሁልጊዜ ተመትቶ ፈረሱ ላይ ጀርባው ተለጥጦ ይወድቃል፤ ዞሮ ሲመጣ ተነሥቶ ይጠብቃል፤ ደግሞ ይመታል። ሁልጊዜ ያው ሰውዬ ነው የሚወድቀው። ከፍ ብሎ ጥግ ላይ ጃክ ብላንዲፈርስ የሚባል የእንጨት ሰው ተቀምጦ ደወሉን በተረከዙ ይረግጣል።

ገጹን በደንብ እዩት። መሃሉ ላይ ምድር ናት፤ ፀሐይ እሷን ትዞራለች፤ ያኔ እንዲያ ነበር የሚታመነው። ክቡ 24 ሰዓት ሲሆን እኩለ ቀን አናቱ ላይ፣ እኩለ ሌሊት ግርጌው ላይ ነው። እማዬ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ አዩና «ስድስት ሰዓት ሆነ» አሉ። አጠገባችን የነበሩት ዘበኛ አዛውንት በትሕትና «አሥራ ሁለት» ብለው አረሟቸው። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለማስረዳት ቀጣዩ ሩብ ሰዓት ድረስ ፈጀብን፤ ሰውየው ግን በጣም ተደሰቱ፣ ፈረሰኛውም ደግሞ ወደቀ።

ስትወጡ በስተ ሰሜን ቪካርስ ክሎዝ የሚባል መንገድ አለ፤ በ14ኛው መቶ ዘመን ለመዘምራኑ የተሠራ፣ ዛሬም የካቴድራሉ ሰዎች የሚኖሩበት። ላይኛው ጫፍ ከታችኛው ስለሚጠብ ከታች ሲታይ ረጅም፣ ከላይ ሲታይ አጭር ይመስላል። ሁለቱንም ፎቶ አንሡና አወዳድሩ። የጳጳሱ ግቢ ውሃ ዳር ደግሞ ዝይ የሚያካክሉ ነጫጭ ስዋኖች ሲርባቸው በር ላይ የተንጠለጠለውን ደወል በአፋቸው ይጎትታሉ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ያስተማሯቸው ነው። ቢደውሉላችሁ ዕድል ነው፤ ባይደውሉ ቆማችሁ አትጠብቁ።

ያው ቀን ከሰዓት፦ ግላስተንበሪ

አውቶቡሱ ከዌልስ ግላስተንበሪ ያወርዳችኋል። ስሙን የሰማ ሁሉ የሙዚቃውን ድግስ ያስባል፤ ድግሱ የሚካሄደው ፒልተን በሚባል መንደር እርሻ ላይ ነው፣ እዚህ አይደለም። እዚህ ያለው ገዳም ነው። የአርማትያስ ዮሴፍ ወንጌልን ይዞ እዚህ ደረሰ፣ በትሩን ዊርያል በሚባል ኮረብታ ላይ ተክሎ ሲተኛ በትሩ እሾሃም ዛፍ ሆኖ በገና አበበ ይላል ትውፊቱ። ገዳሙ በ1184 ተቃጠለ። መልሶ ለመሥራት ገንዘብ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ በ1191፣ መነኮሳቱ «የንጉሥ አርተርን መቃብር አገኘን» አሉ። እኔ አልፈርድም፤ ቆፍረው ያገኙበትን ቦታ ግን በሣሩ ላይ ምልክት አድርገውበታል፣ ሄዳችሁ ራሳችሁ ፍረዱ። በ1539 ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማቱን ሲያፈርስ የመጨረሻውን አበምኔት ሪቻርድ ዋይቲንግን፣ ሽማግሌ ሰው፣ ቶር የሚባለው ኮረብታ አናት ላይ ሰቀሉት። የቀረው ግድግዳ ያኔ ምን ያህል ግዙፍ እንደነበር ይናገራል።

እሾሁ ዛፍ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለእኛ ሰው ስናገረው ሁልጊዜ ያስቃል። እንግሊዝ በ1752 የዘመን አቆጣጠሯን ስትቀይር 11 ቀን ጠፋ። ሕዝቡ አዲሱን ገና አላመነም። እዚህ ተሰብስበው ዛፉን ጠበቁ፤ በአዲሱ ገና አላበበም። በአሮጌው ገና፣ ማለትም በአዲሱ አቆጣጠር ጃንዩወሪ 5 ቀን 1753፣ አበበ ተብሎ በዘመኑ መጽሔት ወጣ። አሮጌው አቆጣጠር የእኛ ገና የሚከበርበት ነው፤ ዛሬ ልዩነቱ 13 ቀን ስለደረሰ ነው የእኛ በጃንዩወሪ 7 የሚውለው። «ዛፉ ኦርቶዶክስ ነበር» አሉ እማዬ።

ከገዳሙ ወደ ኮረብታው፣ ቶር ወደሚሉት፣ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። በመንገዳችሁ ቻሊስ ዌል የሚባል የአትክልት ቦታ አለ፤ ብረት ያለበት ውሃ ድንጋዩን ቀይ አድርጎ ይወርዳል። መግቢያ ያስከፍላሉ፤ ቦታው ጸጥ ያለ ስለሆነ አይቆጭም። ከግቢው ጎን ባለችው ጠባብ መንገድ ግን ከግድግዳው የሚወርድ ቧንቧ አለ፤ ቀዩ ውሃ በነፃ፣ ማዶ ደግሞ ነጩ ምንጭ በነፃ። ሃይላንዱ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ሰዉ ጄሪካን ይዞ ይሰለፋል። ሰልፉም፣ ዝምታውም፣ ቀድቶ ፊቱን የሚያብሰውም ያው የእኛው ነው፤ ቄሱ ብቻ ነው የሌለው። ከተማዋ በጠንቋይ መደብርና በዕጣን ቤት የተሞላች ስለሆነች አንዳንድ እንግዶቼ ይከፋቸዋል። የጾም ምግብ ግን እንደዚህች ከተማ በየደጁ የሚገኝበት አላየሁም።

ቶር 158 ሜትር ከፍታ አለው። ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ መንገዱ ተሠርቷል፣ ነፋሱ ግን ይገፋል። አናቱ ላይ ጣሪያ የሌለው ማማ ብቻ ቆሟል፤ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ማማ ነው። የመጀመሪያውን ቤተ ክርስቲያን በ1275 የመሬት መንቀጥቀጥ ጣለው፤ የኋለኛውም ፈርሶ ማማው ቀረ። ለእማዬ እስክናርፍ አልነገርኳቸውም ነበር። የማን እንደሆነ ሲሰሙ በጣታቸው ቆጥረው «ዛሬ እኮ ግንቦት 12 ነው» አሉ፤ ሄደው የበሩን ድንጋይ ተሳለሙ። በባዶ እግሩ ቆሞ ከበሮ የሚመታ አንድ ጸጉረ ረጅም ፈረንጅ ነበር፤ ከበሮውን አቆመላቸው።

መኪና ካላችሁ

ሦስተኛውን ቀን ግማሽ በመኪና መዞር ከቻላችሁ ቼዳር ገደልን በመሃሉ ንዱት። ዋሻው ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እዚያ በ1903 የተገኘው የ10,000 ዓመት ሰው አጽም ዘረመሉ ሲመረመር ቆዳው ጥቁር ሳይሆን አይቀርም መባሉ በ2018 ጉድ አሰኝቷል። ዋናው አጽም ለንደን ነው። በቦታው ስም የሚጠራውን አይብ ቅመሱና ቀጥሉ።

እኔ የምወስዳችሁ ግን ማንም ወደማይሄድበት ወደ አትልኒ ነው። ለማየት የሚያጓጓ ነገር የለም፤ የግል እርሻ መሃል ላይ በ1801 የቆመች አጭር የድንጋይ ሐውልት ናት፤ ከመንገድ ዳር ነው የምታዩአት። በ878 ከዴንማርክ የመጡ ወራሪዎች ንጉሥ አልፍሬድን አባርረው ግዛቱን ሲይዙ ይሄ ሁሉ ረግረግ ነበር፤ ንጉሡ ከጥቂት ሰው ጋር ደሴት በምታክል ደረቅ መሬት ላይ ተደበቀ። አንዲት ሴትዮ ቂጣ ጠብቅልኝ ብትለው በሐሳብ ሰጥሞ አሳረረው፤ ንጉሥ መሆኑን ስላላወቀች ሰደበችው የሚለው ተረት የዚህ ቦታ ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወጥቶ ኤዲንግተን ላይ ድል አደረገ። የጠላቱን አለቃ ጉትረምን አልገደለውም፤ አስጠምቆ ክርስትና አባት ሆነው። አጠገቡ በረው መምፕ የምትባል ጉብታ አለች፤ እሷም የፈረሰ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አላት። እዚያ ወጥታችሁ ውሃ የተኛበትን ሜዳ ስታዩ ንጉሥ ለምን እዚህ እንደሚደበቅ ይገባችኋል። ቦት ጫማ ያዙ።

መጨረሻ ላይ ፌርፊልድ

አሁን ነው ወደ ጃንሆይ ቤት የምትሄዱት። ፌርፊልድ ከባዝ መሃል ወደ ምዕራብ፣ ኒውብሪጅ በሚባለው ሰፈር፣ ኬልስተን መንገድ ላይ ነው፤ አውቶቡስ አለ፣ በእግር ደግሞ 40 ደቂቃ ገደማ። በየቀኑ የሚከፈት ሙዚየም አይደለም። ጎብኚ የሚቀበሉበትን ቀን ጠይቃችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ሂዱ።

ጃንሆይ በ1936 ገዝተውት እስከ 1940 ኖሩበት። ትልቅ ቤት ነው፤ ቤተ መንግሥት ግን አይደለም። የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል የጻፉት በዚህ ስደት፣ ባዝ ላይ ነው። ብርዱ ለእቴጌ መነን ስላልተስማማቸው ኢየሩሳሌም ሄደው መቆየት ግድ ሆነባቸው። ገንዘብ አጠረ። በኖቬምበር 1938 እንግሊዝ የኢጣልያን ይዞታ ስታጸድቅ፣ ንጉሡ በእንግሊዝ ሕግ ፊት ሀገር የሌላቸው ሰው ሆኑ፤ ያኔም የሚኖሩት እዚህ ቤት ነበር። ጣልያን በጁን 1940 ጦርነት ስትገባ ነገሩ ተለወጠ። በዚያው ወር በአውሮፕላን ወጡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በእኛ ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ሰቀሉ።

እኔን የሚይዘኝ ግን ልዕልት ፀሐይ ናት። ቤተሰቧ እዚህ ሳለ ለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ነርስነት ተማረች፣ ጨረሰችም። የንጉሥ ልጅ ሆና የሌሊት ተረኛ ሆነች ማለት ነው። ሀገሯ በገባች በዓመቱ ዐረፈች፤ በስሟ አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታል ተሠራ። እማዬ ዛሬም «ልዕልት ፀሐይ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ ታናሽ ወንድሜ የተወለደው እዚያ ነው።

በ1954 ጃንሆይ ተመልሰው መጥተው ባዝ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው። በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጡት። በኋላም ከካሪቢያን፣ ከእስያና ከሌላም የመጡ አዛውንቶች የሚሰባሰቡበት ሆነ። ስለዚህ ስትገቡ የቱሪስት ቦታ እንደገባችሁ አትሁኑ፤ የሽማግሌ ቤት ነው። ባዶ እጅ አትሂዱ። እማዬ ድፎ ዳቦ ጋግረው ነበር፤ አንዲት ከጃማይካ የመጡ አሮጊት ቆርሰው ቀመሱና ምን እንደገባበት ጠየቁ፤ እኔ ጥቁር አዝሙድን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ስታገል ሁለቱ በእጅ ምልክት ጨርሰውት ነበር።

ስትመለሱ በእግር ከሆነ በሮያል ቪክቶሪያ መናፈሻ በኩል ውረዱ። ለባቡሩ ከሚበቃው ሰዓት አንድ ሰዓት ጨምራችሁ ያዙ። እማዬ አግዳሚ ወንበር ባዩ ቁጥር ይቀመጣሉ፤ በዚያ መናፈሻ ውስጥ ደግሞ ወንበሩ ብዙ ነው።